ሰው የማይረግጥበት ቦታ

ልጄ ናሆም ባለፈው ሳምንት መኪና ገዛ። አዲስ አይደለም። እሱ ገና ጡት ሳይጥል ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሞ ቱሉ ዲምቱ ከብሎካችን ፊት የቆመ የጃፓን መኪና ነው። በስልክ ለሚጠራ ታክሲ ሊያውለው አስቧል። ሲያስነሳው ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ትበራና አልጠፋም ትላለች። «ሴንሰር ነው እማ፣ ችግር የለውም፣ ሁሉም መኪና ላይ ይበራል» አለኝ። እኔም መብራቷን አየኋት። ከእሷ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን፤ የወጣትነቴን እንጀራ የበላሁት በእሷ ነው።

እናቴ ግን መብራት አላየችም። ሰማንያን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ሴት ናት፣ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። መኪናውን በመስኮት አይታ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጠበል ይረጭበታል ብላ ቀን ቆረጠች። ናሆም ሳቀ። እኔ ከወጥ ቤት መሳቢያ ወፍራም ላስቲክና መቀስ፣ ከመሣሪያ ሣጥኔ ደግሞ ናስትሮ አውጥቼ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለመኪናህ ነው አልኩት። ከዚያ በላይ ለመናገር እሱ ወዳልተወለደበት ዘመን መመለስ ሊኖርብኝ ነው፣ እዚያ ደግሞ ሰው ይዤ ሄጄ አላውቅም።

ያኔ ቤታችን አቃቂ በሰቃ ነበር፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ሽታው እስከ ጓዳ ይገባል። ወንዙ ዳር የሚበቅለው ጎመን ግን ሳሪስ ገበያ ድረስ ይሄዳል፣ ለምን እንደዚያ እንደሚፋፋ የሚጠይቅ አልነበረም። ቀለበት መንገዱ ገና እየተቆፈረ ስለነበር አቧራው ከከባድ መኪኖቹ ጭስ ጋር ተደባልቆ ልብስ ማስጫ ገመዱ ላይ ይወርዳል። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በማሽን ጩኸት መሃል ስለኖረ ምስጢር እንኳ ሲነግረን ጎረቤት ይሰማ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን መካኒክ ነው። እኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ጋሽ ከድር ዘንድ ተቀጥሬ እሠራ ነበር።

ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው። አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ኖረው፣ ኢንጀክሽን መኪኖች መብዛት ሲጀምሩ ወደ መኪና ኮምፒውተር ዞሩ። በዚያ ዘመን ኢንጀክሽን የሚለው ቃል መካኒኮችን ያስደነግጥ ነበር። ካርቡራተር ያለው መኪና ሲበላሽ ይፈቱታል፣ ያጥቡታል፣ ይነፉታል፣ ይነሳል። ይሄኛውን ግን የሚያዘው ኮምፒውተር የሚሉት የመጽሐፍ ያህል የብረት ሣጥን ነው፤ ሣጥኑ ከታመመ ሞተሩ ደህና ሆኖም ይጠፋል። መካኒኩ ሲጨንቀው ሣጥኑን ነቅሎ በፌስታል ጠቅልሎ ወደ እኛ ይልካል። እኛ ክዳኑን ከፍተን ቦርዱን አምፖል ሥር እናያለን። በሽታቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ካፓሲተር የሚባሉት የጣት ጫፍ የሚያህሉ ቆርቆሮዎች ሲያረጁ ፈሳሻቸው ይሾልክና የቦርዱን መስመር ይበላዋል። መበየጃው ሲነካቸው የሰነበተ ዓሣ ይሸታሉ። በሁዳዴ ያን ስሸት ስውል ጾሙ ይቆጠርልኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋሽ ከድር የሞቱትን ካፓሲተሮች አይጥሉም ነበር። በዱቄት ወተት ጣሳ ያጠራቅሟቸዋል። ባለመኪናው ክፍል ተበላሽቶ ነው ሲባል አያምንም፣ በእጁ ሲይዘው ግን ያምናል ይሉ ነበር።

አባቴ ከዘመድ የገዛው መኪናም ኢንጀክሽን ነበር። የመጣ ዕለት እናቴ ቄስ አስጠርታ በጠበል አስባረከችው። ይህ የማንም ቤት ወግ ነው፣ ባያደርጉት ነው የሚገርመው። የእሷ ግን በአንድ ቀን አላበቃም። እሁድ እሁድ አባቴ ይዟት ሳሪስ አቦ ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ በላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ትመጣለች። አንዳንዴ እምነት፣ ያን ግንባራችን ላይ የምንቀባውን የቤተ ክርስቲያን አመድ፣ ትበጠብጥበታለች። መሪው ላይ ትረጫለች፣ ወንበሩ ላይ ትረጫለች፣ አባቴ ላይ ትረጫለች። አባቴም መነጽሩን እየጠረገ «ኧረ መኪናው ክርስትና ተነሥቶ ቄስ ሊሆን ነው» ይላል፣ ሰፈሩ ይሰማዋል።

የተረፈውን ግን እንዲሁ አትደፋውም፣ ጠበል አይረገጥምና። ቤት ውስጥ ሲሆን ጽጌረዳው ሥር ታፈሰዋለች። መኪና ውስጥ ደግሞ የትም ቢፈስ እግር ይደርስበታል። ስለዚህ ከራሷ ወንበር ፊት፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ሥር ወደ ውስጥ፣ ምንጣፉ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ የሚወጣበትን ጥግ መረጠች። እዚያ የማንም እግር አይደርስም። ጎንበስ ብላ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ ከምንጣፉ ጀርባ ቀስ አድርጋ ታፈስና ታማትባለች። ስንት እሁድ ቆሜ አይቻታለሁ።

መኪናው መንገድ ላይ ድንገት መጥፋት ጀመረ። አባቴ ሰኞ ሰኞ ይብስበታል ይል ነበር። «እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሰኞ ይከብደዋል» እያለ ለሰው ሁሉ ይናገራል፣ እኛም አብረን እንስቃለን። ሰሎሞን ኮፈኑን ከፍቶ ፈታተሸና ወደ ነዳጅ ፓምፑ የሚሄደውን ሽቦ ጠረጠረ። አንድ የደከመች ክፍል አልፎ በአዲስ ሽቦ በቀጥታ አገናኘው፣ በናስትሮ ጠቀለለው። ከዚያ በኋላ መኪናው ትንሽ ሰነበተ። ሰሎሞን ደስ አለው፤ ለአባቱ ያደረገው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነበር።

አባቴ የሞተው ሰኞ ጠዋት ነው። ከቃሊቲ ወደ ቤት ሲመለስ ሞተሩ ጠፋ፣ መኪናው መንገዱ መሃል ቆመ፣ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና ከኋላው መጣ። ሾፌሩ ፍሬን መያዙን ያዩ ሰዎች መሰከሩለት። ስለዚህ ጥፋቱ የሾፌሩ ሳይሆን ድንገት የቆመው የእኛ መኪና ሆነ።

ስለ ልቅሶው ብዙ የምለው የለኝም። ድንኳኑ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ የሸራውን ስፌት አይ ነበር። ሰው ሲያለቅስ አያለሁ፣ የሚያለቅሱለትን ሰው ግን የማውቀው አልመስል አለኝ። ያመጡልኝን እበላለሁ። የበላሁት ሽሮ ይሁን ምስር ግን አላውቅም። ደንዝዤ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም። አንድ የሩቅ ዘመድ ከጎኑ ላለው ሰው፣ ልጁ የጠጋገነው ሽቦ ነው ይላሉ ሲል ሰማሁት። ሰሎሞንም ሰምቶታል። ከእነሱ ጀርባ ቆሞ ውሃ ያስታጥብ ነበር፤ ጆጉን ዘንበል እንዳደረገ ቀረ፣ ውሃው የእንግዳውን እጅ አልፎ ጫማው ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰሎሞን መሣሪያ አልነካም። ካቻቢቴውን፣ ቁልፎቹን፣ ሁሉንም በሣጥኑ እንዳለ ለጓደኛው ሰጠ። ከአርባው በኋላም በር ላይ ካለው ድንጋይ አይነሳም። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። እናቴ ሱፍ ፍትፍት ይዛለት ትወጣለች፣ ሳይነካው ይመልስላታል። ግቢው ውስጥ ከኋላው የተጨፈለቀው መኪና በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጣል። በሌሊት እየተነሣ የት እንደሚሄድ አናውቅም። እናቴ አንድ ልጅ ደግሞ ልቀብር ነው ማለት ጀመረች። ስትናገረው ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም፣ እንደ ገበያ ወሬ ነው የምትናገረው፤ ሁላችንም እንደዚያ ሆነን ነበር።

አንድ ማለዳ ሰሎሞን ወደ ሥራ ስወጣ ጠራኝ። ፊቱን አላዞረም።

«ሂሩት፣ ያን ኮምፒውተር ክፈቺው። የእኔ ሽቦ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ቢሆንስ?»

«ከሆነማ ልወቀው።»

ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ እናቴ ራሷ መጣችብኝ። ልጁ የጠየቀሽን አድርጊለት፣ የሆነው ይሁን፣ በጥርጣሬ ከሚሞት ይለይለት አለችኝ። ክፈቺው ብላ የላከችኝ እሷ ናት።

በማግስቱ ሸራውን ገለጥኩ። መጀመሪያ የሰሎሞንን ሽቦ አየሁ። በሜትር ለካሁት፣ በእጄ ጎተትኩት፣ ናስትሮውን ልጬ አየሁት። ደረቅ፣ ጥብቅ፣ ንጹሕ ሥራ ነበር። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር፣ ግን ሽቦው አይደለም ብዬ ብነግረው ታዲያ ምንድነው ይለኛል። ኮምፒውተሩን ለመንቀል ወደ ውስጥ ገባሁ። እኛ ዘንድ ሣጥኖቹ በፌስታል ተጠቅልለው ስለሚመጡ እኔ ከመኪና ላይ ነቅዬ አላውቅም። ሰሎሞንን የት ነው ስለው ከእማዬ ወንበር ፊት፣ ከምንጣፉ ጀርባ አለኝ። ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ብረቱን ስነካው እናቴ በዚሁ ቦታ እጇን ስታስገባ ታየችኝ።

ሰሎሞን ኮምፒውተሩ ያለበትን ያውቃል፣ እናቱ የምታፈስበትን ግን አያውቅም፤ እሁድ ረፋድ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። እኔ የምታፈስበትን አውቃለሁ፣ ኮምፒውተሩ ያለበትን አላውቅም ነበር። ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ሣጥኑን እንደ ሌሎቹ በፌስታል ጠቅልዬ ሱቅ ወሰድኩት። ጋሽ ከድር የማን እንደሆነ ሲሰሙ፣ አንቺ አትክፈቺው እኔ ልክፈተው አሉ። እኔው እከፍታለሁ አልኳቸው። ብሎኖቹ ዝገው ስለነበር አንዱ አንገቱ ተቆረጠ። ክዳኑ ሲነሣ ቦርዱ ከሶኬቱ በኩል ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ካፓሲተሮቹን አንድ በአንድ ለካኋቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። የታመመው ውሃ በገባበት በኩል ያለው መስመር ብቻ ነው። ከሣጥኑ ጥግ ደግሞ ውሃው ሲደርቅ ትቶት የሄደ ግራጫ ደቃቅ አመድ ተጋግሯል። በጣቴ ነካሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ እሁድ እሁድ ግንባሬ ላይ የነበረ ነገር ነው፣ ልሳሳተው አልችልም።

ጋሽ ከድር ከትከሻዬ በላይ ሆነው አዩት። እናቴን ያውቋታል። እሁድ ጠርሙሷን ይዛ በሱቃቸው ደጃፍ ስታልፍ ሰላም ይሏታል። የጥርስ ብሩሹንና አልኮሉን ከመደርደሪያው አውርደው ፊቴ አስቀመጡ።

«ይህን ያየነው እኔና አንቺ ነን» አሉ። «ከታጠበ ማንም አያየውም። ካልታጠበ ሰሎሞን ያየዋል። እኔ ምንም አልልሽም፣ ቤቱ የእናንተ ነው።»

«ይታጠብ» አልኩ።

ራሴ አጠብኩት። አመዱ በአልኮሉ ታጥቦ ጨርቁ ላይ ግራጫ መስመር ሆነ። ያን ጨርቅ የት እንደምጥለው ጨነቀኝ፣ ወደ ቆሻሻ መክተት አልሆነልኝም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ማታ ጽጌረዳው ሥር ቀበርኩት። ከሱቁ ስወጣ ጋሽ ከድር የወተት ጣሳውን ክዳን ከፍተው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፣ ራሳቸው ወደ በሩ ዞረው መንገድ ማየት ጀመሩ። ከጣሳው ያበጠና ሥሩ የበሰበሰ አንድ ካፓሲተር መርጬ ወሰድኩ። የማን መኪና ላይ እንደነበር አላውቅም።

ሰሎሞን ድንጋዩ ላይ ነበር። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ሽቦህ ደህና ነው። ይሄ ነው። አርጅቶ ፈሰሰ፣ መስመሩን በላው። በማንም መኪና ላይ የሚደርስ ነው።»

አገላብጦ አየው። አሸተተው። ሜትር አድርገሽበታል ወይ አለኝ፣ አድርጌበታለሁ አልኩት። ለሽቦው ያልኩት እውነት ስለነበር ዓይኑን እያየሁ መናገር አላቃተኝም። ከዚያ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እኔ ከጎኑ ቆሜ በመንገዱ ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ሲያልፍ አይ ነበር። ላቅፈው ይገባ ነበር፣ እጄ ግን አልተነሣም።

ቤት ስገባ እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር ትለቅማለች። የነገርኩትን በሩ ላይ ሆና ሰምታለች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች። ጥቂት ለቀመችና፣ «ለመሆኑ ያ ሣጥን የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከሞተሩ ጋር ነው። ከፊት።»

«ከሞተሩ ጋር» አለች፣ ድንጋይ አግኝታ ወረወረች፣ ወደ ምስሯ ተመለሰች።

መኪናው ለብረት ተሸጠ። ሰሎሞን ሱፍ ፍትፍቱን በላ፣ መሣሪያውን ከጓደኛው ተቀበለ፣ ከዓመታት በኋላም ቃሊቲ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ያቺን ካፓሲተር ከቁልፉ መያዣ ጋር አንጠልጥሏታል። ለሚያስተምራቸው ልጆች እያወጣ ያሳያል፣ አባቴን የገደለችው ይቺ ናት፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁ ይላል። ሲናገር እሰማዋለሁ። ጋሽ ከድር አርፈዋል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሱብኝም።

እንግዲህ ትናንት እሁድ ሆነ። ከቅዳሴ ተመልሰን እናቴ ከጎረቤት ጋር ስታወራ እኔ ቀድሜ ወደ መኪናው ሄድኩ። የፊቱን ምንጣፍ ገለጥኩ። በዚህኛውም ሣጥኑ እዚያው ቦታ ነው። ላስቲኩን ቆርጬ ጠቅልዬ ናስትሮውን ማዞር ስጀምር የከዘራዋን ድምፅ ሰማሁ። በሩን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ደክሟል ብዬ ነበር የማስበው።

«ያኔ ከሞተሩ ጋር ነው ብለሽኝ ነበር» አለች።

ናስትሮውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መቼ አወቅሽ አልኳት።

«ሰሎሞን ጋራዡን የከፈተ ጊዜ። ልጆቹ ሲነቅሉ ተቀምጬ አየሁ።» ከዘራዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። «እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንዳያውቅ።»

ናሆም ስልኩን እያየ መጣ፣ ምን ሆናችሁ አለን። እናቴ ጎንበስ በል አለችው፣ ራሱ ላይ ረጨችበት፣ ሳቀ። መሪው ላይ ረጨች፣ ወንበሩ ላይ ረጨች። ጠርሙሱ ውስጥ ትንሽ ቀረ። ወደ እኔ ዞራ በደንብ ጠቅልለሽዋል ወይ አለችኝ፣ ጠቅልዬዋለሁ አልኳት። ወገቧ ስለማይታጠፍላት ክርኗን ይዤ ዝቅ አደረግኳት።

ያን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የያዝኩት መስሎኝ ነበር። እሷም ይዛው ኖራለች፣ ምስር እየለቀመች፣ ቡና እየጠጣች፣ የሰሎሞንን ቁልፍ እያየች። ሳውቀው ሊያስለቅሰኝ ይገባ ነበር፣ አላስለቀሰኝም። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው። እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ፣ ከምንጣፉ ጀርባ ሰው በማይረግጥበት ቦታ አፈሰሰችው። ላስቲኩ ላይ ሲንጠባጠብ ሁለታችንም ጎንበስ እንዳልን እስኪያልቅ ሰማነው።